የተለያየ አገር ሞዴል ሀዲዶችን አንድ ሰሌዳ ላይ ማጋጠም፦ ከመለካት እስከ መጀመሪያው ዙር

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ሞዴል ባቡር ከአንድ ካርቶን ሙሉ ሆኖ አይወጣም። ከጀርመን የመጣ ዘመድ ፒኮ ይዞ ይመጣል፣ ከአሜሪካ የመጣው ባክማን፣ ከለንደን የመጣው ሆርንቢ። ሁሉም ሀዲድ ነው፤ የአንዱ ማያያዣ ሌላው ውስጥ ሲገባ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ማያያዣው ገባ ማለት ግን ባቡሩ ያልፋል ማለት አይደለም። አንድ ሀዲድ ከሌላው ጋር መስማማቱ በአራት ነገር ይታያል፦ በስፋት፣ በሀዲዱ ቁመት፣ በኩርባው ልክና በኤሌክትሪኩ። ሦስቱ ተስማምተው አራተኛው ካልተስማማ ጨዋታው ፈረሰ።

መፍትሔውን ከወዲሁ እንናገር። ሁለት ስርዓት እንደ ሽሮና በርበሬ አይደባለቅም። አንዱን ዋና መስመር አድርጉ፣ ሌላውን ለጓሮ መስመር ወይም ለጣቢያ መድቡ፣ የሚገናኙበትን ቦታም አንድ ወይም ሁለት ብቻ አድርጋችሁ እዚያ ላይ በደንብ ሥሩ። ሃያ ቦታ ላይ የተሠራ ግምታዊ መጋጠሚያ በየዙሩ ባቡር ይጥላል፤ አንድ ቦታ ላይ በጥንቃቄ የተሠራ መሸጋገሪያ ግን ይረሳል።

መጀመሪያ መለየት

የሚያስፈልጋችሁ ካሊፐር፣ ቴስተር፣ ትንሽ ማግኔት፣ የወረቀት ፕላስተርና እስክሪብቶ ነው። ያላችሁን ሀዲድ ሁሉ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አንድ በአንድ ገልብጡ። አብዛኛው አምራች ስሙንና የዕቃውን ቁጥር ከሆዱ በኩል ያትማል። ስም የሌለውን በልኬት ትለዩታላችሁ።

ስፋቱን ከአንዱ ሀዲድ ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ሌላው ውስጠኛ ጠርዝ ለኩ። 16.5 ሚሜ ከሆነ ኤችኦ ወይም ኦኦ የሚባለው የሞዴል መጠን ነው፤ 12 ሚሜ ቲቲ፣ 9 ሚሜ ኤን፣ 32 ሚሜ ኦ፣ 45 ሚሜ የጓሮ ባቡር። የተለያየ ስፋት ያላቸውን ማጋጠም አይታሰብም፤ አስማሚ የሚባል ነገርም የለም። ኤችኦ ከእውነተኛው ባቡር አንጻር 1 ለ87 ሲሆን ሆርንቢ የሚከተለው ኦኦ 1 ለ76 ነው፤ ስፋታቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ የእንግሊዙ ሎኮሞቲቭ በጀርመኑ ሀዲድ ላይ ይሄዳል፣ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የእንግሊዙ ትንሽ ወፈር ብሎ ይታያል። ዓይናችሁ ከቻለው ችግር የለም።

ቁጥሩ ከየት መጣ ለሚል፦ በኮምቦልቻ በኩል የተዘረጋው የአዋሽ–ሐራ ገበያ መስመር 1435 ሚሜ ስፋት አለው፤ ለ87 ሲካፈል 16.5 ይሆናል። በ1917 አዲስ አበባ የገባው አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ግን የ1000 ሚሜ መስመር ነበር። እሱን በኤችኦ ልሥራ የሚል ሰው 12 ሚሜ ስፋት ያለውን ኤችኦኤም የተባለ ሀዲድ መፈለግ አለበት፤ በ16.5ቱ ላይ ቢሠራው ድሬዳዋን አያስመስለውም።

ቀጥሎ የሀዲዱ ቁመት። ካሊፐሩን ከብረቱ እግር እስከ ራሱ ድረስ አድርጉ፤ ፕላስቲኩ አይቆጠርም። አምራቾች ይህን "ኮድ" በሚል ቁጥር ይገልጹታል፤ ኮድ የኢንች አንድ ሺህኛ ነው። ኮድ 100 ማለት 2.54 ሚሜ፣ ኮድ 83 ማለት 2.1 ሚሜ፣ ኮድ 75 ማለት 1.9 ሚሜ ነው። ሆርንቢ፣ ፒኮ ኤ፣ ባክማን ኢዚ ትራክና ፔኮ ሴትራክ ኮድ 100 ናቸው። ሮኮ ላይን፣ ካቶ ኤችኦና ትሪክስ ሲ ኮድ 83 ናቸው። የፔኮ ስትሪምላይን በኮድ 100ም በኮድ 75ም ይሠራል፤ እዚህ ላይ በስም ብቻ ተማምናችሁ አትግዙ።

እዚህ ጋ አንድ ግራ የሚያጋባ ስም አለ። ፒኮ የጀርመን ነው፣ ፔኮ የእንግሊዝ። በስልክ "ፒኮ አምጣልኝ" ተብሎ ፔኮ የሚመጣበት ጊዜ ስላለ በጽሑፍ ላኩ።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ዓይነት ነው። ሁለቱን የውጭ ሀዲዶች በቴስተሩ ንኩ። ቢፕ ካለና መሐል ላይ እንደ ምስማር ራስ ያሉ ነጥቦች ከተደረደሩ ሜርክሊን ነው፤ በሦስት ሀዲድ ስርዓት ይሠራል፣ ከመደበኛው የሁለት ሀዲድ ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) ጋር አይገናኝም። የሜርክሊን ፉርጎ ዲሲ ሀዲድ ላይ ቢወጣ የብረት ጎማዎቹ በአክስሉ በኩል ስለሚገናኙ ሀዲዱን በቀጥታ ያገናኙታል፤ መቆጣጠሪያው ወዲያው ይቆርጣል። ያገኛችሁትን ማንኛውንም ፉርጎ ሰሌዳ ላይ ከማውጣታችሁ በፊት በአንድ አክስል ላይ ያሉትን ሁለት ጎማዎች በቴስተር ንኩ። ዝም ካለ ይውጣ፣ ቢፕ ካለ ይቆይ። ሜርክሊን ያለው ሰው ለብቻው ሌላ ሰሌዳ ይሥራለት።

ማግኔቱ ለብረቱ ዓይነት ነው። ከሳበ ስቲል ነው፤ ኢዚ ትራክ ከሥሩ ጥቁር የፕላስቲክ መደብ ያለው ስቲል፣ ግራጫ መደብ ያለው ኒኬል ሲልቨር ነው። ኒኬል ሲልቨር ስሙ ብር ይበል እንጂ ብር የለበትም፤ መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው። ቢጠቁርም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ቢጫው ናስ ሲጠቁር አያሳልፍም፣ ስቲሉ ደግሞ ይዝጋል። የደሴ የክረምት ጉም ቤት ውስጥ ገብቶ የሚያድር ስለሆነ ስቲሉን ቆላ ላለ ሰው መስጠት ክፋት አይደለም። ቢያንስ በዋሻ ውስጥና እጅ በማይደርስበት ቦታ አትዘርጉት።

እያንዳንዱ ቁራጭ ሆድ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ስሙን፣ ኮዱን፣ ርዝመቱን ወይም የኩርባውን ራዲየስ ጻፉ። ይሄ ግማሽ ቀን ይወስዳል።

አር 2 የሚባለው ሦስት ነው

ብዙ ሰሌዳ የሚበላሸው እዚህ ነው። የኩርባ ሀዲዶች አር 1፣ አር 2፣ አር 3 እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ቁጥሩ ግን በየአምራቹ የየራሱ ነው። የሆርንቢና የፔኮ ሴትራክ አር 2 ራዲየስ 438 ሚሜ ነው። የፒኮ ኤ አር 2 421.88 ሚሜ። የሮኮ ላይን አር 2 ደግሞ 358 ሚሜ፤ ይሄ ለፒኮ አር 1 (360 ሚሜ) ይቀርባል። ባክማን ኢዚ ትራክ በካርቶኑ ውስጥ የሚያስገባው የተለመደው ኩርባ 457 ሚሜ ነው።

ግማሹን ክብ በሆርንቢ አር 2፣ ግማሹን በፒኮ አር 2 ብትሠሩ ምን ይሆናል? ለሆርንቢው ግማሽ 45 ዲግሪ የሆኑ 4 ቁራጮች ያስፈልጋሉ፣ ለፒኮው 30 ዲግሪ የሆኑ 6። ዲግሪው 180 ሞልቷል፤ በወረቀት ላይ ልክ ነው። የሆርንቢው ሁለት ጫፎች ግን 876 ሚሜ ይራራቃሉ፣ የፒኮው 843.76። 32 ሚሜ ጎደለ። ሰው ይህን በጉልበት ይገፋዋል፤ ሀዲዱም የገባ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ስብራት ተሰራጭቷል። ባቡሩ ሁልጊዜ ቦታ እየቀያየረ ይወድቃል፣ ጥፋቱም አይገኝም።

የሚገርመው በቁመት የሚስማሙት በኩርባ አይስማሙም፣ በኩርባ የሚቀራረቡት በቁመት ይለያያሉ። ሆርንቢና ፒኮ ሁለቱም ኮድ 100 ስለሆኑ ማያያዣቸው እርስ በርስ ይገባል፤ ኩርባቸው ግን ሌላ ነው። ፒኮ አር 2 (421.88) እና ሮኮ አር 3 (419.6) ደግሞ በ2 ሚሜ ብቻ ይለያያሉ፤ ረጅም ቀጥታ መስመር ያለው ሰሌዳ ይህን ሳያስታውቅ ይውጠዋል፣ ነገር ግን የሀዲዱ ቁመት 0.4 ሚሜ ይለያያል። ያለ ምንም ማመቻቸት በሁሉም የሚስማሙት ሆርንቢና ፔኮ ሴትራክ ናቸው፦ ያው ኮድ፣ ያው 168 ሚሜ ቀጥታ፣ ያው 438 ኩርባ። ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠሩ።

ስለዚህ ሕጉ፦ አንድ ኩርባ ከመግቢያው እስከ መውጫው ከአንድ አምራች ይሁን። የተለያየ አምራች የሚገናኘው ቀጥታ መስመር ላይ ነው።

መቀየሪያ (ባቡሩን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ የሚመራው ሀዲድ) ላይ ነገሩ ይከፋል። የሆርንቢ መደበኛ መቀየሪያ በ22.5 ዲግሪ ይገነጠላል፣ የፒኮ ኤ በ15፣ የፔኮ ስትሪምላይን በ12። ከሆርንቢ መቀየሪያ ቀጥሎ መስመሩን ከዋናው ጋር ትይዩ ለማድረግ 22.5 ዲግሪ የሚመልስ ኩርባ ያስፈልጋል። የፒኮ መደበኛ ኩርባ 30 ዲግሪ ስለሆነ ያልፋል፤ መስመሩ በ7.5 ዲግሪ ወደ ዋናው ሀዲድ ይገባል። ፒኮ 7.5 ዲግሪ የሆነ አጭር ኩርባ ስላለው ሦስቱን ብትቀጥሉ ትይዩ ይሆናል። ግን በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ርቀት ወደ 65.5 ሚሜ ይመጣል፤ ይሄ የሆርንቢው 67ም የፒኮው 61.88ም አይደለም። ወደፊት ከሌላ መቀየሪያ ጋር ላገናኘው ስትሉ ይይዛችኋል። የስትሪምላይን መስመሮች ደግሞ በ50 ሚሜ ገደማ ይቀራረባሉ፤ ቀጥታ ላይ ያምራል፣ ኩርባ ላይ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ይላተማሉ።

የዚህ ሁሉ ማስታረቂያ ተጣጣፊ ሀዲድ ነው። የፔኮው አንድ ቁራጭ 914 ሚሜ ይረዝማል፤ በፈለጋችሁት ልክ ይታጠፋል፣ በፈለጋችሁት ርዝመት ይቆረጣል። የ32 ሚሜ ጉድለትም የ2 ሚሜም በእሱ ይሞላል። ለአንድ በር የሚያህል ሰሌዳ 2 ወይም 3 ቁራጭ ይበቃል።

ሲታጠፍ የውስጡ ሀዲድ ከጫፍ ይወጣል፤ ለ90 ዲግሪ ኩርባ 26 ወይም 27 ሚሜ ያህል። ይህን ተርፎ የወጣውን ቁረጡ። ባለ ቀጭን ጥርስ የሴጌቶ ምላጭ ተጠቀሙ፣ ሀዲዱን ከሥሩ በእንጨት ደግፉት፣ ከላይ ወደ ታች በቀስታ። በፒንሳ አትቁረጡ፤ ጫፉ ይጨፈለቅና ማያያዣ አይገባበትም። ከቆረጣችሁ በኋላ ጫፉን በሞረድ ካሬ አድርጉት፣ የራሱን ውስጠኛ ጠርዝ በጣም በትንሹ አስለሱት። ሁለት ተጣጣፊዎች ኩርባ መሐል ላይ የሚገናኙ ከሆነ መጀመሪያ ቀጥ እንዳሉ በይዷቸው፣ ከዚያ እጠፏቸው። ታጥፈው የተጋጠሙ ሀዲዶች መጋጠሚያው ላይ እንደ ክርን ይሰበራሉ።

ኮድ 100ን ከኮድ 83 ወይም 75 ጋር

ኮድ 100 እና 83 መካከል 0.43 ሚሜ፣ ኮድ 100 እና 75 መካከል 0.64 ሚሜ አለ። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የኤችኦ ጎማ ከንፈር (በሀዲዱ ውስጠኛ ጎን የሚወርደው ጠርዝ) ራሱ ከ1 ሚሜ ብዙም አይበልጥም። ከንፈሩ ግማሽ ሚሜ ደረጃ ሲመታው ይዘላል።

በሱቅ የሚገኘው መፍትሔ መሸጋገሪያ ማያያዣ ነው፤ አንዱ ጎኑ ለረጅሙ፣ ሌላው ለአጭሩ ተሠርቶ ይመጣል። ለአንድ መጋጠሚያ 2 ያስፈልጋል። ዘመድ ሲመጣ አንድ ፓኬት ማስመጣት ከሁሉ ይቀላል። ከሌለ ግን በእጅ ይሠራል።

አንድ የኮድ 100 የብረት ማያያዣ ውሰዱ። ግማሹን ረጅሙ ሀዲድ ላይ አስገቡ። የቀረውን ግማሽ በፒንሳ ጠፍጣፋ እስኪሆን ጨፍልቁት፤ እንደ ትንሽ ምላስ ወጥቶ ይቀራል። አጭሩን ሀዲድ በዚያ ምላስ ላይ አስቀምጡት። አሁን ጥፍራችሁን ከአንዱ ሀዲድ ራስ ወደ ሌላው ጎትቱ። ጥፍር ከተያዘ ገና ነው። አጭሩ ዝቅ ካለ ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ አስገቡ፤ የወተት ወይም የቲማቲም ጣሳ ቆርቆሮ ሲጸዳ ብየዳ ይቀበላል። የቢራና የለስላሳ ጣሳ አሉሚኒየም ስለሆነ አይበየድም፣ አትድከሙበት። ከፍ ካለ ምላሱን በሞረድ አሳሱት።

ከቁመቱ በላይ የሚያስፈልገው ግን የጎን ልክ ነው። የሁለቱ ሀዲዶች ራስ ውፍረት ስለሚለያይ በሁለቱም ጎን እኩል ሊሆኑ አይችሉም። የውስጠኛውን ጎን፣ ማለትም የጎማው ከንፈር የሚታከከውን፣ አንድ መስመር ላይ አድርጉ። ልዩነቱ በውጭ በኩል ይቅር፤ ጎማ አያገኘውም። ከዚያ የሁለቱን ሀዲዶች ስፋት በካሊፐር እንደገና አይታችሁ 16.5 መሆኑን አረጋግጡ።

ብየዳው የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ነው፤ 40 ዋት ይበቃል። ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሁለት አግዳሚዎች (ሀዲዱን ከሥር የያዙትን ፕላስቲኮች) ሸርተት አድርጋችሁ አርቁ፤ ካልሆነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ስፋቱ ይጠባል። በቀሩት አግዳሚዎች አጠገብ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልሉ። የሀዲዱን ጎን በብርጭቆ ወረቀት አብሱት፣ ትንሽ የብየዳ ፓስታ ቀቡ፣ መበየጃውን በውጭ በኩል አሳርፉና የብየዳ እርሳሱን ከሌላው ጎን አስነኩት። ሁለት ወይም ሦስት ሴኮንድ ነው። እርሳሱ እንደ ውሃ ከፈሰሰ ያዘ ማለት ነው፤ እንደ ኳስ ከተጠቀለለ ብረቱ ቆሻሻ ነው ወይም አልሞቀም፤ ደግማችሁ አጽዱ። ወደ ውስጠኛው ጎን የፈሰሰውን በሞረድ አንሱ። ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አሲድ አታስጠጉ፤ ከሳምንታት በኋላ ብረቱን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል።

አሮጌ ፉርጎ ላላችሁ፦ የድሮ ሊማና የድሮ ሆርንቢ ጎማዎች ከንፈራቸው ጥልቅ ነው። ኮድ 100 ላይ ደህና ይሄዳሉ፣ ኮድ 75 ላይ ሀዲዱን የያዙትን የፕላስቲክ ጥፍሮች እየመቱ ጠ-ጠ-ጠ ይላሉ። ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ሀዲዱን አትውቀሱ፤ ወይ ጎማውን ቀይሩ ወይ ያንን ባቡር በኮድ 100 መስመር ብቻ አስኪዱ።

መደብ ያለውን ከሌለው ጋር

ኢዚ ትራክ፣ ካቶና ትሪክስ ሲ ከሥራቸው የፕላስቲክ መደብ አላቸው፤ ሆርንቢና ፒኮ ኤ ባዶ ናቸው። ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ አስቀምጡና ከእንጨቱ እስከ ሀዲዱ ራስ ያለውን ከፍታ ለኩ። ልዩነቱን በባዶው በኩል ከሥሩ ሙሉ። ቡሽ ካገኛችሁ ቡሽ፣ ካልሆነ ጠንካራ የጫማ ካርቶን በኮላ እየደራረባችሁ። ውስጡ የሚታጠፍ የዕቃ ካርቶን አይሁን፤ ሎኮሞቲቩ ሲመላለስበት ይጫናል። መሙያው በድንገት አያልቅ፤ 5 ሚሜ ልዩነት ካለ ቢያንስ በ50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት እያሳነሳችሁ አውርዱት። በአጭሩ ከቆረጣችሁት ትንሽ ሐረጎ (በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ቁልቁለት) ይሆናል፣ መንጠቆዎቹም ቁልቁለቱ ጫፍ ላይ ይፈታሉ።

የመደቡ መቆለፊያ ምላሶች ከባዶ ሀዲድ ጋር ስለማይያዙ እንዳይጋረዱ ቁረጧቸው። ካቶ ላይ ማያያዣው ከነፕላስቲክ መያዣው ነው፤ በፒንሳ ሳብ አድርጋችሁ አውጡት፣ በቦታው ተራ የብረት ማያያዣ አስገቡ። ካቶው ኮድ 83 ስለሆነ ከሆርንቢ ጋር ሲጋጠም ከላይ ያለው የቁመት ሥራም ይጠብቃችኋል። ይህን ሁሉ ለማሳጠር አንድ ሙሉ ቀጥታ ቁራጭ መሥዋዕት አድርጋችሁ መሸጋገሪያውን ጠረጴዛ ላይ ሥሩት፤ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሎ ከመበየድ ይሻላል።

ኤሌክትሪኩ

የአሜሪካን ካርቶን ከመክፈታችሁ በፊት የትራንስፎርመሩን ጀርባ አንብቡ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 አትሰኩት፤ ይቃጠላል። ወይ ማውረጃ ትራንስፎርመር፣ ወይ የአውሮፓ መቆጣጠሪያ። ከሀዲዱ የሚወጣው በሁሉም የዲሲ ስርዓት እስከ 12 ቮልት ገደማ ስለሆነ የፒኮ መቆጣጠሪያ ሆርንቢን ይነዳል፣ ሆርንቢውም ፒኮን። ዲጂታሉን ዲሲሲና ተራውን ዲሲ ግን በአንድ መስመር ላይ በአንድ ጊዜ አታገናኙ።

ማያያዣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል ብላችሁ አትመኑ፤ በተለይ ከሌላ አምራች የመጣ ማያያዣ ልል ሆኖ ይገባል። ልሉን በፒንሳ ጠበቅ አድርጉት፣ ግን የኤሌክትሪኩን ሥራ ለሽቦ ስጡት። ከሰሌዳው ሥር ሁለት ባለ 1.5 ሽቦ፣ ቀይና ጥቁር፣ ዙሪያውን አስኪዱ። በየ1 ሜትሩ፣ እንዲሁም በእያንዳንዱ መሸጋገሪያ ግራና ቀኝ፣ ቀጭን ሽቦ ወደ ሀዲዱ አውጥታችሁ በይዱ። ቀይ ሁልጊዜ ለውስጠኛው ሀዲድ፣ ጥቁር ለውጭኛው፤ አንድ ቦታ ከተገለበጠ መቆጣጠሪያው ይቆርጣል።

መስመሩ በቂ ኃይል ማግኘቱን በቴስተር ብቻ አትፍረዱ። ያልተጫነ ሀዲድ ላይ ቴስተር ሁልጊዜ 12 ያሳያል። የባጃጅ 12 ቮልት 5 ዋት አምፖል ግዙ፣ ሁለት ሽቦ አስሩበት፣ መቆጣጠሪያውን ሙሉ ከፍታችሁ ሀዲዱን በየሜትሩ እየነካችሁ ዙሩ። አምፖሉ ከአንድ ሎኮሞቲቭ ጋር የተቀራረበ ኃይል ይስባል። የሚደበዝዝበት ቦታ ላይ ሽቦ ጎድሏል።

መቀየሪያዎች በኤሌክትሪክ በኩልም ይለያያሉ። የሆርንቢና የፔኮ ኢንሱልፍሮግ (ፍሮጉ፣ ማለትም ሀዲዶቹ የሚሻገሩበት ቦታ፣ ፕላስቲክ የሆነ) መቀየሪያ ያልተመረጠውን መስመር ያጠፋል፤ ባቡር ለማቆም ጥሩ ነው። የባክማን ኢዚ ግን ሁለቱንም መስመር እንደበራ ይተዋል። ይህን ሳያውቁ ቀላቅሎ የሠራ ሰው የቆመ መስሎት የተወው ሎኮሞቲቭ ሲነዳ ያየዋል። ፔኮ ኤሌክትሮፍሮግ (ፍሮጉ ብረት የሆነ) ከሆነ ከፍሮጉ በሚወጡት ሁለት ውስጠኛ ሀዲዶች ላይ የፕላስቲክ ማያያዣ የግድ ነው፤ ከተረሳ መቀየሪያው በተገለበጠ ቁጥር ሾርት ይሆናል።

ሙከራ

ሀዲዱን በኮላ ከመያዛችሁ በፊት ሁሉንም በስስ ሚስማር ለጊዜው ያዙና ይህን አድርጉ። አንድ ቀላል ፉርጎ በጣት እየገፋችሁ ሙሉ ዙር አስኪዱ፤ ጣታችሁ የማንኳኳት ስሜት በተሰማው ቦታ ሁሉ ፕላስተር ለጥፉ። ቀጥሎ ሎኮሞቲቭ ብቻውን፣ ቆሞ ሊቀር በደረሰ ፍጥነት። ቀጥሎ ከረጅም ፉርጎዎች ጋር ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ እየገፋ። ወደኋላ ሲገፋ የማይወድቅ ባቡር የትም አይወድቅም።

አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ፉርጎ ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ጥፋቱ የፉርጎው ነው። በጎማዎቹ ጀርባ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ፤ 14.4 ወይም 14.5 ሚሜ መሆን አለበት። ጠቦ ከሆነ ጎማዎቹን እያዞራችሁ በቀስታ ሳቧቸው። አንድ ቦታ ላይ ሁሉም የሚወድቁ ከሆነ ሀዲዱ ነው፤ ጥፍራችሁን አስኪዱበት። የተለያየ ፉርጎ በየቦታው ከወደቀ ግን ወደ ኩርባው ልክ ተመለሱ፤ አንድ ቦታ ላይ በጉልበት የገባ ቁራጭ አለ። ሎኮሞቲቩ መቀየሪያ ላይ ብቻ የሚቆም ከሆነ ፍሮጉ ኤሌክትሪክ የለውም፤ አጭር ሎኮሞቲቭ ከሆነ በፍጥነት ማሳለፍ ወይም ኤሌክትሮፍሮግ መግዛት ነው።

ከዚያ ኮላው። ነጩን የእንጨት ኮላ በእኩል ውሃ አቅጥናችሁ በአግዳሚዎቹ መካከል አፍስሱ፤ መቀየሪያው የሚንቀሳቀስበት ምላስ አጠገብ አንድ ጠብታ እንዳይደርስ።

ሁሉንም መጋጠሚያ አትበይዱ። 3 ሜትር ኒኬል ሲልቨር በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 1 ሚሜ ያህል ይረዝማል፤ የኮምቦልቻ ቀትርና የደሴ ሌሊት ይህን በቀላሉ ይሰጣሉ። ከሀዲዱ ይልቅ ግን ኮምፔልሳቶው ይጫወታል፤ ሐምሌ ላይ ያብጣል፣ ጥር ላይ ይሰበሰባል። በክረምት የምትሠሩ ከሆነ በየሜትሩ አንድ መጋጠሚያ ሳትበይዱ ግማሽ ሚሜ ክፍተት ተዉ፣ የሰሌዳውን ሆድና ጠርዝ ደግሞ በዘይት ቀለም ቀቡት። ቀለሙ የሚረሳው ሆዱ ላይ ስለማይታይ ነው፤ እርጥበቱ የሚገባው ግን በዚያው ነው።

የቀረው ዘመድ ደውሎ "ምን ላምጣላችሁ?" ሲል የሚላከው መልእክት ነው። ዋና መስመራችሁ ሆርንቢ ወይም ፔኮ ሴትራክ ከሆነ እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ "16.5 ሚሜ፣ ሁለት ሀዲድ ዲሲ፣ ኮድ 100፣ ኒኬል ሲልቨር። ተጣጣፊ 3። የኮድ 100 የብረት ማያያዣ 1 ፓኬት፣ የፕላስቲክ 1 ፓኬት፣ ከ100 ወደ 83 መሸጋገሪያ 1 ፓኬት። ኩርባ ከሆነ ራዲየስ 438 ብቻ፤ ሌላ ቁጥር ካየህ አትግዛ።" ዋናው ፒኮ ከሆነ 438ቱን በ421.88 ለውጡት። ተጣጣፊው 914 ሚሜ ስለሆነ ሻንጣ አይገባም፤ ሲታጠፍም ይሰበራል። በቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ከቶ በእጁ ይያዘው፣ ወይም እዚያው መሐሉ ላይ ይቁረጠው። 457 ሚሜ የሆኑ ሁለት ቁራጮች በሻንጣው ግርጌ በልብስ መካከል በሰላም ይደርሳሉ።